የ22 ሽጉጤ ቀለሃ አላስወጣ አለኝ፤ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ

የረቡዕ ተኳሽ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ዓመት አንድም ቀን ሳያስቸግረኝ የኖረ የ22 ካሊበር የዒላማ ሽጉጥ አለኝ። በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ በክለባችን የቤት ውስጥ ሜዳ 90 ጥይት እተኩሳለሁ፤ ሠላሳው በዝግታ፣ ሠላሳው አምስት አምስቱ በ20 ሰከንድ፣ የቀረው ሠላሳ ደግሞ አምስት አምስቱ በ10 ሰከንድ። ካለፈው ወር ወዲህ ግን በአንድ ምሽት ሁለት ሦስት ጊዜ ይነክሳል። ጥይቱ ይተኮሳል፣ ዒላማው ላይም ያርፋል። ቀለሃው ግን ተወርውሮ በመውጣት ፈንታ በመውጫው መስኮት ላይ፣ በመዝጊያውና በበርሜሉ መካከል ተይዞ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ባለፈው ረቡዕ በ10 ሰከንዱ ዙር ሦስተኛው ጥይት ላይ ይኸው ደረሰብኝና እጄን አነሣሁ። ድጋሚ እንድተኩስ ተፈቀደልኝ፤ ነጥቡም ብዙ አልጎዳኝም። የጎዳኝ ከዚያ በኋላ ምላጭ በሳብኩ ቁጥር «አሁን ይነክስ ይሆን?» እያልኩ ማሰቤ ነው። ዓይኔ ዒላማውን ትቶ መስኮቱን ያያል።

በርሜሉን በደንብ ወልውያለሁ፤ ዘይትም ቀብቻለሁ። ቅዝቃዜው ሲገባ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ከማስገጠሜ በቀር የለወጥኩት ነገር የለም። አሁን አዲስ መንጠቆ፣ አዲስ ማስፈንጠሪያና ጠንከር ያለ መላሽ ሞላ አንድ ላይ ልገዛ ነው። ተሳስቼ እንደሆነ ገንዘቡ ከእጄ ሳይወጣ ንገሩኝ።

ከዴንቨር

ወንድሜ፣ በዚህ አትድከም። እኔም ደርሶብኝ ነበር። ፈጣኑን ጥይት ገዛሁ፣ ችግሩ በዚያው ቀን ጠፋ። ለዒላማ የሚሸጠው ዝግተኛ ጥይት ጉልበት የለውም።

የግምጃ ቤት ሰው (ሜሪላንድ)

ዕቃውን አትግዛ። ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን ቀይረህ ሽጉጡ ቢስተካከል እንኳ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም፤ ካልተስተካከለ ደግሞ በነበረው ችግር ላይ ሦስት አዲስ ጥርጣሬ ጨመርክበት ማለት ነው። ጠንካራ ሞላ ደግሞ ይህን ሕመም ሊያብሰው ይችላል። ምክንያቱን ላስረዳህ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲሳሳት አይቻለሁና ትንሽ ረዘም ብልም ታገሠኝ።

የ22 ሽጉጥ መዝጊያ በጥርስ አይቆለፍም። ዘግቶ የሚያቆየው የራሱ ክብደትና የመላሽ ሞላው ግፊት ብቻ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ የባሩዱ ጋዝ እርሳሱን፣ ማለትም የሚወረወረውን የጥይት ጫፍ፣ ወደ ፊት እንደሚገፋው ሁሉ ቀለሃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ቀለሃውም መዝጊያውን እየገፋ ይሄዳል። ስለዚህ የተተኮሰ ቀለሃን ከጉሮሮው (ጥይቱ ከሚቀመጥበት ከበርሜሉ የኋላ ክፍል) የሚያወጣው በአብዛኛው ጋዙ ራሱ ነው። የመንጠቆው ዋና ድርሻ ቀለሃው ከመዝጊያው ፊት ሳይወድቅ ጠርዙን ይዞ እስከ ማስፈንጠሪያው ማድረስ ነው። ማስፈንጠሪያው ከሽጉጡ አካል ጋር የተያያዘ፣ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ትንሽ ብረት ነው። የቀለሃው ጠርዝ በአንድ ጎኑ ይህን ብረት ሲገጭ በሌላው ጎኑ መንጠቆው ይዞታል፤ በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር በር ዞሮ በመስኮቱ ይወረወራል።

እንግዲህ ቀለሃው ጧፍ ሆኖ እንዲቆም ከሦስቱ አንዱ መሆን አለበት። ወይ መዝጊያው በበቂ ፍጥነትና ርቀት ወደ ኋላ አልመጣም፤ ይህ ከደካማ ጥይት፣ ከጠንካራ ሞላ፣ ከረጋ ዘይት ወይም ከላላ አያያዝ ይመጣል። ወይ መንጠቆው ቀለሃውን እስከ መጨረሻው አልያዘም። ወይ ደግሞ ቀለሃው በደንብ ተወርውሮ ሳለ መንገድ ላይ አንድ ነገር አግኝቶ መለሰው።

በርሜሉን ወልውያለሁ ብለሃል። መልካም፣ ነገር ግን ይህ ችግር በርሜል ውስጥ አይኖርም። ይህ ጥይት በ1887 እ.ኤ.አ. ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። እርሳሱ እንደ ቀለሃው ወፍራም ስለሆነ ገላው ወደ ውጭ የተጋለጠ ነው፤ ቅባቱ ወይም ሰሙም ከላዩ ነው የሚቀባው። ያ ሰም ከባሩዱ ጥላሸትና ከእርሳሱ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ መዝጊያው ፊት ላይና ከመንጠቆው ጥፍር ሥር ይጋገራል። የጠርዙ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ከምናምን ናት። መንጠቆው የሚይዘው ይህችኑ ስለሆነ ከሥሩ የወረቀት ያህል ቆሻሻ ቢገባ ጥፍሩ ሙሉ በሙሉ አይጠልቅም።

አሁን መልስልኝ። ከንክሻው በፊት የሚወጡት ቀለሃዎች የት ይወድቃሉ? አንድ ቦታ ነው ወይስ የተበታተነ? በምሽቱ መጀመሪያ ነው የሚነክሰው ወይስ ወደ መጨረሻው? በሁሉም ካዝና ነው ወይስ በአንዱ? የነከሳቸውንና በደህና የወጡትን ቀለሃዎች ለይተህ አምጣና ጠርዛቸውን በማጉያ መነጽር እይ። ቀለሃው ያለፈበትን ሁሉ ገላው ላይ ጽፎት ነው የሚወጣው።

ባለ 25 ሜትሯ (ሙኒክ)

ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ በስፖርት ሽጉጥ በ25 ሜትር እወዳደራለሁ፤ በፈጣኑ ዙር ዒላማው ለ3 ሰከንድ ብቻ ይታያል፣ 7 ሰከንድ ይሰወራል። በዚያ መካከል መንከስ ምን እንደሚያደርግ አውቀዋለሁ፤ የረቡዕ ተኳሽ፣ ዓይንህ ወደ መስኮቱ መሄዱ አይግረምህ።

ከልምዴ አንድ ነገር ልጨምር፤ ካዝናዎችህን ቁጥር ስጣቸው። እኔ የጥፍር ቀለም ነው የምጠቀመው፤ በአንዱ ሥር አንድ ነጥብ፣ በሁለተኛው ሁለት ነጥብ። ብዙ ጊዜ የማስወጣት ችግር የሚመስለን የካዝና ችግር ነው። የካዝናው ከንፈር በመውደቅ ወይም በመጫን ትንሽ ከተከፈተ ቀጣዩ ጥይት ከፍ ብሎ ይቀመጥና የመዝጊያውን ሆድ ይፍቃል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ካዝና ውስጥ አንድ አንድ ጥይት ብቻ እያደረግህ አሥር ጊዜ ተኩስ። አንድ ጥይት ብቻ ሲኖር አሥሩም በደንብ ከወጡና አምስት ስትሞላ ብቻ ከነከሰ ጥርጣሬህን ወደ ካዝናው አዙር። በአንዱም ከነከሰ ካዝናው ነጻ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው ክንድ ነው። በአንድ እጅ ስንተኩስ በድካም ጊዜ የእጅ አንጓ ይላላል። መዝጊያው ወደ ኋላ ሲሄድ ሽጉጡ ራሱ አብሮት ከሄደ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ያጥራል። ለጓደኛህ ስጠውና እሱ ሲተኩስ ይነክስ እንደሆነ ተመልከት።

ለተወዳዳሪዎች ደግሞ ይህን ሳልጽፍ አላልፍም። በዓለም አቀፉ ደንብ ቀለሃ አለመውጣት የሚፈቀድ ብልሽት ነው፤ ዳኛው አይቶ ድጋሚ ያስተኩስሃል። ዳኛው ሳያየው መዝጊያውን ወይም መጠበቂያውን ከነካህ ግን መብትህን አጣህ። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደ ሆነ ባዶ እጅህን አንሣና ቁም። እጃችን ከልማድ የተነሣ ቀለሃውን ለመጥረግ ይሮጣል፤ ይህን ልማድ በልምምድ ጊዜ መግደል ያስፈልጋል።

የረቡዕ ተኳሽ

ጋሼ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሁለታችሁንም ጽሑፍ ይዤ ሜዳ ሄድኩ።

ቀለሃዎቹ፦ በመጀመሪያዎቹ 30 ጥይቶች ሁሉም ከቀኜ በስተኋላ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀው፣ ጆንያ በማይሞላ ቦታ ላይ ተከማችተው ነው የወደቁት። ከ50ኛው በኋላ ተበታተኑ። አንዱ ኮፍያዬ ላይ ወደቀ፣ አንዱ ወደ ፊት ሄደ። በ61ኛውና በ78ኛው ላይ ጧፉ ቆመ።

ካዝናዎቹ፦ 61ኛው በአንድ ነጥቡ፣ 78ኛው በሦስት ነጥቡ ካዝና ነበር። አንድ አንድ ጥይት እያደረግሁ በመጨረሻ ስሞክርም በስምንተኛው ነከሰ። ጓደኛዬ በሁለት እጁ ይዞት ሲተኩስም አንድ ጊዜ ነከሰበት።

ጠርዙ፦ በደህና የወጡት ላይ ማስፈንጠሪያው የመታበት ጠባሳ ጥርት ያለ፣ በሚስማር ጫፍ እንደተነካ ነው። በነከሱት ላይ ግን ደብዛዛ ናት። መንጠቆው በያዘበት በኩል ደግሞ አጭር አጭር የተፋቀ መስመር አለ።

አንድ ሌላ ነገርም አየሁ። የቀይ ነጥቡ መቀመጫ ሐዲድ ከመስኮቱ በላይ ትንሽ ይዘልቃል። ከሥሩ በባትሪ ብርሃን ሳይ ጥቁሩ ቀለም ላይ የእርሳስ ሰረዝ የመሰለ፣ ቢጫ የነሐስ ምልክት ተሰምሯል። ሰባት ሰረዝ ቆጠርኩ።

ጥይቱ የተለመደው የዒላማ ጥይት ነው፤ ለሦስት ዓመት የተጠቀምኩት እሱኑ ነው። ከዚህ ሳጥን አንዱ ብቻ ድምፁ ደከም ብሎ ቀለሃውም አልወጣም ነበር። በእጄ አውጥቼ ቀጠልኩ።

የግምጃ ቤት ሰው

ከመጨረሻው መስመር ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ ይቆየን። ድምፁ ደክሞ ቀለሃው ካልወጣ አትቀጥል! በዚያ ጥይት ውስጥ ባሩዱ አንሶ ወይም ሳይኖር ቀርቶ ማቀጣጠያው ብቻ እርሳሱን ገፍቶት ይሆናል፤ ማለት እርሳሱ በርሜሉ መካከል ቆሞ ሊሆን ይችላል። ከኋላው ሌላ ጥይት ከተኮስክ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል፣ እጅህም አጠገቡ ነው። ድምፁ ልክ ያልሆነ ጥይት ስትሰማ አቁም፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዝክ ጠብቅ፣ ካዝናውን አውጣ፣ መዝጊያውን ክፈት፣ ጉሮሮው ባዶ መሆኑን አረጋግጥና በርሜሉ ወለል ብሎ መታየቱን በዘንግ ወይም በብርሃን አጣራ። ምላጭ ተስቦ ጨርሶ ያልተተኮሰ ጥይትም ቢሆን ቢያንስ 30 ሰከንድ ሳይሞላ አይከፈትም፤ ዘግይቶ የሚነሣ አለ። አንተ በዚያ ቀን ዕድል ረድቶሃል፣ ደግመህ አትሞክረው። ልጆቼን ይህንን ሳላስተምር አንድም ጥይት አላስተኮስኳቸውም።

አሁን ወደ ሽጉጥህ። ያመጣኸው መረጃ ግሩም ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ቦታ፣ ኋላ የተበታተነ ከሆነ እየተከማቸ የሚሄድ ነገር አለ ማለት ነው። ካዝና አይለይም፣ እጅም አይለይም። መንጠቆው በያዘበት በኩል የተፋቀው መስመር ጥፍሩ ጠርዙን እየሳተው እንደሆነ ይነግረኛል። ቢጫዎቹ ሰረዞች ደግሞ ቀለሃው ወደ ላይ ተወርውሮ ሐዲዱን እንደሚመታ ይመሰክራሉ። የትኛው ዋና እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም፣ ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ቀን አትንካ።

መጀመሪያ መንጠቆውን። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጠህ ፍታው። ከጥፍሩ ሥር ያለውን በብረት አትፋቀው፤ የጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፉን ሰያፍ ቆርጠህ ማጠቢያ ፈሳሽ አስነክተህ አውጣው። የጥፍሩን ጫፍ በማጉያ እይ፣ ሹል መሆን አለበት፤ ተሸርፎ ወይም ደንዝዞ ከሆነ ያኔ ትገዛለህ። በመጨረሻ ባዶ ቀለሃ ከጥፍሩ ሥር አስገብተህ መዝጊያውን በእጅህ ቀስ አድርገህ ነቅንቅ። ቀለሃው ከወደቀ ሞላው ደክሟል ወይም ቆሻሻው አልወጣም።

ዘይቱንም ቀንስ። ያጠጣኸው ዘይት ጥላሸቱን እየያዘ ነው ያጋገረው። መዝጊያው በሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ጉሮሮውና የመዝጊያው ፊት ደረቅ ይሁኑ።

ከዴንቨር

ጋሼ፣ ስለ ፈጣኑ ጥይት ግን ምንም አላሉም። እኔ ዘንድ ሠርቷል እኮ።

የግምጃ ቤት ሰው

ሠርቷል፤ ምክንያቱም መዝጊያህን በጉልበት አስፈንጥሮት ቆሻሻውን አሸንፎ ነው። የዒላማው ጥይት እርሳሱን በሰከንድ ወደ 325 ሜትር ይልከዋል፣ ፈጣኑ ወደ 380። የዒላማ ሽጉጥ ሞላና የመዝጊያ ክብደት በብዛት ለመጀመሪያው የተመጠነ ነው። ፈጣኑን ስታዘወትር መዝጊያው ከኋላ ያለውን ማረፊያ እየደበደበ ይኖራል፤ ከብዙ ሺህ ጥይት በኋላ ማረፊያው ይሰነጠቃል። ከአምራቹ መመሪያ ላይ የተጻፈውን የጥይት ዓይነት እይ። ፈጣኑን የሚፈቅድ ሽጉጥ አለ፣ የአንተም ከእነዚያ ከሆነ አልቃወምህም። ጥይት መቀየሩን ግን መድኃኒት አትበለው፤ መንጠቆህ ሥር ያለው አሁንም እዚያው ነው።

አዲስ ገቢ (ሲያትል)

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው። የእኔ ቀለሃ ጧፍ ሆኖ አይቆምም፤ ጭራሹን ከጉሮሮው አይወጣም። መዝጊያው ይከፈታል፣ ቀለሃው ግን ውስጥ ይቀራል፣ ቀጣዩ ጥይት መጥቶ ከኋላው ይደገናል። በካቻቢቴ ነው የማወጣው። መንጠቆውን አጸዳሁት፣ ለውጥ የለም። ሽጉጡን ከገዛሁት ገና ስድስት ወሬ ነው፤ በየማታው ቤት ውስጥ ባዶውን ምላጭ እየሳብኩ እለማመዳለሁ።

ባለ 25 ሜትሯ

ከርዕሱ አልወጣህም፤ ግን ሌላ በሽታ ነው። የረቡዕ ተኳሽ ቀለሃ ከጉሮሮው ወጥቶ ሳይወረወር ይቀራል፣ የአንተ ከጉሮሮው አይነቀልም። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ዓመቱን ሙሉ የማይገናኝ ዕቃ ሲለውጥ ይኖራል።

ፍንጩን ራስህ ነግረኸናል። የ22 ጥይት የሚቀጣጠለው ጠርዙ ሲመታ ስለሆነ መርፌው የሚመታው መሐሉን ሳይሆን ዳሩን ነው። ጥይት ከሌለ መርፌው በአንዳንድ ሽጉጥ ላይ የጉሮሮውን አፍ ብረት ይመታል። ሺህ ጊዜ ከተመታ ትንሽ ብረት ወደ ቀዳዳው ውስጥ ይገፋል፤ ቀለሃው ሲተኮስ ያብጥና እዚያች ላይ ይያዛል። በብርሃን እየው፤ በጉሮሮው አፍ ላይ፣ መርፌው በሚያርፍበት በኩል፣ የሩዝ ፍሬ ጫፍ የምታህል ጉድጓድ ካለች እሷ ናት። የተተኮሰ ቀለሃህ ላይም ሁልጊዜ በዚያው በኩል ቁመቱን የተከተለ ጭረት ታገኛለህ።

የግምጃ ቤት ሰው

እህታችን ጨርሳዋለች። እኔ የምጨምረው አንድ ነው፤ በሞረድ አትንካው። ጉሮሮው በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ነው፣ ካሰፋኸው የሚያድነው በርሜል መቀየር ብቻ ነው። የጦር መሣሪያ ጠጋኝ የተገፋውን ብረት ወደ ቦታው የሚመልስበት ልዩ መሣሪያ አለው፣ ሥራው ረጅም አይደለም። ካቻቢቴውንም ዛሬውኑ ተው፤ ጉሮሮውን ትቧጭረዋለህ። ካዝናውን አውጥተህ ከአፈሙዙ በኩል በነሐስ ዘንግ ቀስ አድርገህ ግፋው፤ ያ ግን ውስጥ ያለው የተተኮሰ ቀለሃ መሆኑን በዓይንህ ካየህ ብቻ ነው፣ ያልተተኮሰ ጥይት በዘንግ አይነካም።

ለባዶ ልምምድ ደግሞ ከብረታ ብረት መደብር ቢጫውን የፕላስቲክ ፊሸር ግዛ፣ ግድግዳ ላይ ቡሎን የምናስገባበትን። ልክ ከሚሆነው መጠን ጉሮሮው ውስጥ ታስገባዋለህ፤ መርፌው እሱን ይመታል። በጥቂት ምላጭ አንዴ አዙረው፣ ሲቆሳሰል ጣለው።

የረቡዕ ተኳሽ

ሦስት ረቡዕ አልፏል፣ ውጤቱን ላቅርብ።

በመጀመሪያው ረቡዕ መንጠቆውን ብቻ አጸዳሁ፣ ሐዲዱን አልነካሁም። ከጥፍሩ ሥር የወጣው ነገር እንደ ጥቁር ሰም ሆኖ በእንጨቱ ጫፍ ላይ ተለጠፈ፤ የጥፍሩን ቅርጽ ይዞ፣ እንደ ማኅተም። ይህን ያህል ዓመት ሽጉጤን «አጸዳሁ» ስል ይህችን ቦታ አንድ ቀን ነክቼ አላውቅም ነበር። ጥፍሩ ሹል ነው፣ አልተሸረፈም። ባዶውን ቀለሃ ይዞ ስነቀንቀው አልጣለም። በዚያ ምሽት 90ውም ወጡ።

በሁለተኛው ረቡዕ ሆን ብዬ ሳላጸዳ ተኮስኩ። ቀለሃዎቹ ከ120ኛው ጥይት በኋላ መበታተን ጀመሩ፣ በ147ኛው ጧፉ ቆመ። ሐዲዱ ሥርም ሁለት አዲስ ቢጫ ሰረዝ ነበር።

በሦስተኛው አሁንም ሳላጸዳ የቀይ ነጥቡን መቀመጫ አንድ ጥርስ ወደ ፊት ገፍቼ መስኮቱን ክፍት አደረግሁ። ከ181ኛው እስከ 270ኛው ተኮስኩ። ቀለሃዎቹ እንደ ተበታተኑ ናቸው፣ ግን አንዱም አልቆመም።

የገባኝ እንዲህ ነው። ቆሻሻው ሲከማች መንጠቆው አያያዙ ይላላና ቀለሃው ወደ ቀኝ መሄዱን ትቶ ወደ ላይ ይነሣል። ድሮ ከላይ ምንም ስላልነበረ ዝም ብሎ ይወጣ ነበር፤ ስለዚህ ሦስት ዓመት ቆሻሻው ሳይታወቅ ኖረ። ቀይ ነጥቡ ሲመጣ ጣሪያ ሠራለት። ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ፣ ጋሼ።

የግምጃ ቤት ሰው

አልተሳሳትክም። ጠንካራውን ሞላ ብትገዛ ኖሮ መዝጊያው ይዘገይና ከ50ኛው በፊት ይነክስህ ነበር፤ ያኔ ሽጉጡን ትሸጠው ነበር። ማነጣጠሪያህን ስላንቀሳቀስከው ዜሮውን እንደገና አስተካክል፤ ማለት ጥይቱ ቀይ ነጥቡ ያለበት ላይ እንዲያርፍ አድርገው። መንጠቆውን ደግሞ በየሁለት ረቡዕ፣ 180 ጥይት ሲሞላ፣ በእንጨቷ አጽዳ። ቀለሃዎቹ የሚወድቁበትን ቦታ ማየትህን አትተው፤ ከመንከሱ ቀድሞ ይነግርሃል።

ባለ 25 ሜትሯ

ቀለሃ ከለቀማችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሳትታጠቡ ምግብ አትንኩ። እርሳስ ነው።

አዲስ ገቢ

ጠጋኙ ዘንድ ወስጄው ነበር። ጉድጓዷ እህቴ ባለችበት ቦታ ላይ ነበረች። አስተካክሎልኝ ከፊቴ ሃያ ጥይት ተኮሰ፤ ከዚያም የተተኮሰውን ቀለሃ መልሶ ጉሮሮው ውስጥ አስገብቶ አፈሙዙን ወደ ላይ ሲያዘነብል በራሱ ክብደት መዳፉ ላይ ወደቀ። ፊሸሩንም ገዝቻለሁ፣ መቶ ፍሬ።